የማይገጥመው በር

ዶኛ ኦርቴንሲያ፣ እሜቴ ኦርቴንሲያ እንደማለት ነው፣ የግቢው ባለቤት አይደለችም፤ ይኼ በመጀመሪያ ይታወቅ። እንደማንም ተከራይ ናት። ግን ከሁሉም ቀድማ የገባች እሷ፣ በሩ አጠገብ ያለውን ክፍል የያዘች እሷ፣ የግቢውን ሕፃን የምታስቀምጥ እሷ ስለሆነች፣ በጌሬሮ ሰፈር ያንን ግቢ የሚያውቅ ሁሉ «የዶኛ ኦርቴንሲያ ግቢ» ይለዋል። ሕፃኑ ሲባል ደግሞ ከሰው የተወለደ እንዳይመስላችሁ። ከእናቷ የወረሰችው የጂፕሰም ሕፃን ኢየሱስ ነው፤ ጉንጩ ቀላ ያለ፣ ዓይኑ የመስታወት፣ ሁለት ጣቱን ለቡራኬ ያነሳ። መስታወት ሳጥን ውስጥ አስተኝታ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ታራግፍለታለች፤ «ልጄ» ትለዋለች፤ ሲበርድ ትደርብለታለች። አይጮህ፣ አይሮጥ፣ የሰው ድስት አይነካ። እንዲህ ያለውን ልጅማ ማንም ያሳድጋል!

ፎቅ ላይ የምትኖረው ብሪሂዳ ያላት ግን እውነተኛ ልጅ ነው። ሴሊና አሥር ዓመቷ ነው፤ ኦቲዝም አለባት፤ ቃል አይወጣትም። ደስ ሲላት አፏን ገጥማ ታንጎራጉራለች፣ ሲከፋት ደግሞ ግቢው እስኪናጋ ትጮኻለች። የሚሽከረከር ነገር ነፍሷ ነው። የጎረቤት ድስት ክዳን ካገኘች አንስታ ሲሚንቶው ላይ ታሾረዋለች፤ ባለቤትየዋ ደግሞ «ሌባ!» እያለች ትወጣለች። ከክዳኑ ሁሉ አስበልጣ የምትወደው ግን የመኪና ጎማ ነው። ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ከግቢው ወጥቶ ጥጉን የታጠፈ ሰው የሚያገኘው ሚኒባሶች እየተሽቀዳደሙ የሚከንፉበትን ትልቁን መንገድ ነው። የግቢው በር ክፍት ከሆነ ሴሊና ትወጣለች፣ ከወጣች ደግሞ የምትሄደው ወደዚያ ነው። አንድ ጊዜ ብሪሂዳ የደረሰችባት አስፋልቱ ጫፍ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ደግሞ አስፋልቱ መሀል።

በሩ ደግሞ አይዘጋም። «ከመሬት መንቀጥቀጡ ወዲህ ግድግዳው ሰምጧል፣ አይገጥምም» ነው መልሱ። ብሪሂዳ ይኼን መልስ ከዶኛ ኦርቴንሲያ ሰምታለች፣ ከኦርቴንሲያ ልጅ ከኤሊሴዮ ሰምታለች፣ ምድር ቤት ከምትኖረው ከቻቬላ ሰምታለች። ኤሊሴዮ እኮ በያጅ ነው! የሰፈሩን በርና መስኮት ሁሉ ሲበይድ ይውልና የራሱ ግቢ በር ላይ ሲደርስ እጁ ይሰንፋል። እውነቱን ለመናገር፣ በሩ ክፍት ሲሆን ይመቻቸው ነበር። ሞተር ሳይክል ሲገባ አይወረድ፣ ዘንቢል ይዞ መቀርቀሪያ አይፈታ። ለአንዲት ጯሂ ልጅ ብሎ ማን ይቸገራል?

ብሪሂዳ የሠርግ ቀሚስ የምትሰፋ ሴት ነበረች። ሴሊና መሮጥ ስትጀምር ሥራውን ተወችው። ትምህርት ቤቶቹ ሁሉ በአንድ ዓይነት ፈገግታ «ለእሷ የሚሆን ቦታ የለንም» ብለው መልሰዋታል። ባሏ ፊዴንሲዮ ታክሲ ይዞ ሲወጣ ሽንት ቤት እንኳን በሰቀቀን ነው የምትሄደው። ግቢው ውስጥ ልብስ ስታጥብ የልጅቷን ወገብ ከራሷ ወገብ ጋር በነጠላ ጨርቅ ታስራለች። ቻቬላ ይኼን አይታ «ውሻ እንኳን እንዲህ አይታሰርም፣ ምን ዓይነት ጭካኔ ነው!» አለች። በማግስቱ ሳታስራት ስትቀር ደግሞ «ኧረ ልጅሽን ያዢ፣ ምን ዓይነት ዝርክርክ ሴት ነሽ!» አለች። ዶኛ ኦርቴንሲያ አንዴ ሴሊናን ቡዳ በልቷታል ብላ ሰውነቷን በእንቁላል አሸቻት፤ እንቁላሉ ፀጉሯ ላይ ሲፈርጥ «የዚችስ መድኃኒቷ ቁንጥጫ ነው» ብላ እጇን ታጠበች። ከዚያ ወዲህ ብሪሂዳ ከግቢው ሰው ጋር ሰላምታ የምትለዋወጠው በጥርሷ ነው።

«ተይ ብሪሂ፣ ጎረቤት ናቸው» ይላታል ፊዴንሲዮ። ደግ ሰው ነው፤ ከደግነቱ ብዛት ሰው ቢረግጠው ይቅርታ የሚጠይቀው እሱ ነው።

«ጎረቤት? ይንቀላቸው!» ትላለች እሷ።

በሰብአ ሰገል ቀን ከሰዓት በኋላ ቻቬላ ደረጃውን ወጥታ በራቸውን አንኳኳች።

«ዳቦ ልንቆርስ ነው፤ ውረዱ እንጂ። ልጅቷንም ይዘሻት ነይ።»

ብሪሂዳ ጆሮዋን አላመነችም። በዚህ ግቢ ስንት ልደት፣ ስንት ክርስትና ሲደገስ እነሱ ዘፈኑን የሰሙት በግድግዳ ነው። «ዛሬ ምን ተገኘ?» አለች።

«ምን ይገኛል? ጎረቤት አይደለሽ?»

«መሆኔን ዛሬ ነው የሰማሽው?»

«ወይ ምላስሽ!» ቻቬላ ሳቀች። «ቾኮላታው ሳይቀዘቅዝ ድረሱ።»

ፊዴንሲዮ ከውስጥ «እንመጣለን፣ እንመጣለን!» አለና ሸሚዙን ለመቀየር ሮጠ። ብሪሂዳ ግን የወረደችው ለቾኮላታው አይደለም። የግቢው ሰው ሁሉ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚገኘው በዚያ ቀን ነው፤ የበሩን ነገር እፊታቸው ልታነሳው ነው።

ደንቡን የማያውቅ የለም። ትልቁ ክብ ዳቦ ሆድ ውስጥ አንዲት ነጭ አሻንጉሊት ትጋገራለች፤ ቁመቷ ከጣት አይበልጥም። እያንዳንዱ የራሱን ቁራሽ በራሱ እጅ ይቆርጣል። አሻንጉሊቷ የወጣችለት ሰው የሕፃኑ ክርስትና እናት ወይም አባት ይሆናል። ሕፃኑን ወደ ቤቱ ይወስዳል፣ አዲስ ልብስ ያለብሳል፣ ከአራት ሳምንት በኋላ በሚውለው የሻማዋ ማርያም ቀን ቤተ ክርስቲያን ወስዶ ያስባርካል፣ ከዚያ ግቢውን በሙሉ ታማሌ ያበላል። የበቆሎ ሊጥ ሲቦካ፣ ሥጋው ሲከተፍ፣ በበቆሎ ልባስ ሲጠቀለልና ሲቀቀል ወገብ ይቆርጣል። ስለዚህ ዳቦውን ሁሉም ይወደዋል፣ አሻንጉሊቷን ግን ማንም አይወዳትም። ኪሱ ውስጥ የሚደብቅ አለ፣ ጉንጩ ውስጥ የሚወትፍ አለ።

ቢላዋው ዞሮ ቻቬላ ዘንድ ደረሰ። ዳቦው ላይ አሳርፋ ገፋ ስታደርገው አንድ ነገር ነካ። ብሪሂዳ አጠገቧ ነበረችና አየች፤ ከፍርፋሪው ውስጥ የነጭ እግር ጫፍ ብቅ ብሏል። ቻቬላ ዓይኗን ሳትሰብር ቢላዋውን መለስ አደረገችና ሳህኑን በሁለት እጇ አዞረችው።

«እኔ በዚህ በኩል ልቁረጥ፤ ስኳር አይስማማኝም። ብሪሂዳዬ፣ አንቺ ከዚህ ከጣፋጩ ቁረጪ፤ ላንቺና ለልጅሽ ይሁን።»

አሃ! ለካስ የተጠሩት ለዚህ ነው። ዘንድሮ ታማሌ የሚያበላ ሞኝ ጠፍቶ፣ ፎቅ ላይ ያሉት ሞኞች ትዝ ብለዋቸው ነው። የብሪሂዳ ደም ፈላ። ቢላዋውን ወርውራ፣ ልጇን ይዛ፣ ሁሉንም ረግማ ልትሄድ አሰበች። ከዚያ ጠረጴዛው ራስጌ የተቀመጠችውን ዶኛ ኦርቴንሲያን አየቻት። ኦርቴንሲያ ወሬ ይዛ ሳህኑ ሲዞር አላየችም። ብሪሂዳም ሌላ ነገር መጣላት። ክርስትና እናት የሆነች ሴት ከሕፃኑ ባለቤት ጋር አበልጅ ትሆናለች። በዚያ ግቢ እህትህን ስደብ፣ እናትህን ስደብ፤ የአበልጅ ልመና ግን አትገፋም። ይኼን እድሜ ልኳን የሰበከችው ራሷ ኦርቴንሲያ ናት። ብሪሂዳ ቢላዋውን የአሻንጉሊቷ እግር ብቅ ያለበት ቦታ ላይ አሳርፋ እስከ ታች ቆረጠችው።

«ወጣችልኝ!» ብላ አሻንጉሊቷን ከፍ አድርጋ አሳየች።

ዶኛ ኦርቴንሲያ ፊቷ አመድ መሰለ። «አይሆንም» አለች። «አይ፣ አይ። እንደገና ይቆረጥ።»

«ለምን ሲባል?»

«ልጄን አንቺ ቤት? እዚያች ጋ?»

«እዚያች ማን? ስም አላት።»

«ትሰብረዋለቻ!»

«ደንብ ነው፣ ዶኛ። አምና ቻቬላ ጉንጯ ውስጥ ስትደብቃት አንገቷን ይዘው ያስተፏት እርስዎ አይደሉም?»

ሰው ሳቀ። ዶኛ ኦርቴንሲያ ቻቬላን ዞራ ገላመጠቻት፤ ሳህኑን ማን እንዳዞረው አሁን ገብቷታል። ቻቬላ ቾኮላታዋ ውስጥ ተደበቀች። ብልጥ ነኝ ብላ የግቢውን ሕፃን ማን እጅ እንደጣለችው ያየችው ገና ያኔ ነው።

«ደንብ ከሆነ ደንብ ነው እንግዲህ» አለ ኤሊሴዮ አፉን በዳቦ ሞልቶ።

ሕፃኑ ከነሳጥኑ መጣ። ሁለቱ ሴቶች እንደ ወጉ ፊቱ ተንበረከኩ፣ ተቃቀፉ። ዶኛ ኦርቴንሲያ ስታቅፍ ክንዷ እንጨት ነበር። «አበልጄ» አለች ከጉሮሮዋ ጎትታ።

«አበልጄ» አለች ብሪሂዳ፤ እቅፏን ግን አልለቀቀችም። ሁሉም እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አደረገች። «እንግዲህ አንድ ነገር ልለምንዎት። በሩ ይሠራልኝ። መቀርቀሪያ ይግባለት፣ የገባም የወጣም ይዝጋው። ሌላ ከማንም ምንም አልፈልግም። ልጄ ጎማ ሥር ገብታ እንዳትሞትብኝ ብቻ ነው።»

«ግድግዳው እኮ ሰምጧል፣ አይገጥም...»

«ልጅዎ በያጅ ነው።»

ኤሊሴዮ ማኘኩን አቆመ። ሰዉ ሁሉ ዶኛ ኦርቴንሲያን ያያል። ሕፃኑም በመስታወት ዓይኑ ያያታል። ምን ታድርግ? «ሕፃኑ ይስማኝ» አለች ጥርሷን ነክሳ፣ «እስከ ሻማዋ ማርያም ይዘጋል።»

ፊዴንሲዮ ደስ ብሎት እንባ አቀረረ። «አየሽ ብሪሂ? አየሽ? ሰው ክፉ አይደለም» አላት ደረጃውን ሲወጡ።

ሳምንታቱን ብሪሂዳ ስትሰፋ ከረመች። ከሠርግ ቀሚስ የተረፈ ነጭ ሐር ነበራት፤ ለሕፃኑ ጥልፍ ያለው ቀሚስ ቆረጠችለት። ከዓመታት በኋላ መርፌ ስትይዝ እጇ አለመርሳቱ ገርሟት ብቻዋን ሳቀች። ሴሊና ጠረጴዛው ሥር ተቀምጣ ባዶ የክር መጠቅለያ ታሾራለች። ሕፃኑን አንዴ ቀርባ በደንብ አየችው። አይሽከረከርም። ትታው ሄደች።

ዶኛ ኦርቴንሲያ ግን በየቀኑ ደረጃውን እያለከለከች ወጥታ ትመረምረው ነበር። አፍንጫውን ታያለች፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ትዳስሳለች። «ብርድ አላገኘውም? መስኮት አጠገብ አታስቀምጪው» ትላለች። ሴሊና እግሯ ሥር ተቀምጣለች፤ እሷን ደህና ነሽ ያላት የለም።

«በሩስ፣ አበልጄ?» ትላለች ብሪሂዳ ሁልጊዜ።

«ኤሊሴዮ ነገ ያየዋል።»

ኤሊሴዮም ስትጠይቀው «ነገ» ነው። ነገ፣ ነገ፣ የሻማዋ ማርያም ቀን ደረሰ።

ጧት ታማሌው በትልቁ ድስት ተጥዶ እንፋሎቱ ፎቁን ሞልቶታል። ብሪሂዳ ሕፃኑን አልብሳ ታቅፋ ወረደች። ፊዴንሲዮ ከሴሊና ጋር ቤት ሊቆይ፣ ድስቱንም ሊጠብቅ ተስማምተዋል። ግቢው ውስጥ ሁሉም አምሮበት ቆሟል። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። መቀርቀሪያ የለ፣ ብየዳ የለ። ኤሊሴዮ በሩ ላይ አንድ እቅፍ ርችት ይዞ ቆሟል።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለች ብሪሂዳ።

«ርችት ነዋ። ሕፃኑ ሲወጣ በዝምታ ይወጣል እንዴ?»

«እኔ የጠየቅኩህ ስለ በሩ ነው። በርችት ደግሞ ልጄ እንደምታብድ ታውቃለህ። ተው፣ ኤሊሴዮ፣ እባክህ። እዚያ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ተኩሰው።»

«ኧረ በዓላችንን አታበላሺብን!» አለች ዶኛ ኦርቴንሲያ፤ ሻማዋን አብርታለች፣ የሐር ሻሿን አስራለች። «በሩ ዛሬ ባይሆን ነገ ይሠራል። ግቢው ሁሉ ባንቺ ልጅ ልክ ይሰፋ?»

«ሕፃኑን ጠርተው ነው የማሉት!»

«ሕፃኑ ያውቀኛል። ይልቅ ቀጥ አድርገሽ ያዢው፣ አንገቱን ደግፊው።»

ብሪሂዳ መመለስ ነበረባት፤ ልትመለስም አስባ ነበር። ግን ሰዉ ከኋላ እየገፋ፣ እየዘመረ ወደ በሩ ወሰዳት፤ ደጁን አልፋ ድንጋይ ንጣፉ ላይ ቆመች። ኤሊሴዮ ሲጋራውን ወደ ርችቱ ጫፍ አስጠጋ።

ጮኸ። አንዴ፣ ከዚያ ደጋግሞ፤ ጠባቡ መንገድ ድምፁን አጉልቶት መስኮቶቹ ተንጫጩ። ፎቅ ላይ ፊዴንሲዮ ድስቱን በሁለት እጁ ከምድጃው እያነሳ ነበር። ሴሊና ጆሮዋን በመዳፏ ይዛ፣ እየጮኸች፣ በባዶ እግሯ ደረጃውን ወረደች። ግቢውን አቋረጠች። በሩ ላይ ኤሊሴዮ ቆሟል፣ ክንዱን ቢዘረጋ ይበቃ ነበር።

«ያዛት!» አለች ብሪሂዳ። «ኤሊሴዮ፣ ያዛት!»

ኤሊሴዮ እጆቹን ወደ ላይ አንስቶ ወደ ጎን ሸሸ። ልብሱን እንዳትነካበት ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም። አሳለፋት! ልጅቷ በእናቷ ጎን ነፋስ ሆና አለፈች፣ ጥጉን ታጠፈች።

ብሪሂዳ አላሰበችም። ክንዷ በራሱ ጊዜ ተፈታ፣ የታቀፈችውን ለቀቀች፤ ሮጠች። ከኋላዋ ጂፕሰም ድንጋይ ላይ ሲከሰከስና ዶኛ ኦርቴንሲያ «ልጄን! ልጄን!» ስትል ሰማች። ዞራ አላየችም።

ሴሊና አስፋልቱ ላይ ነበረች። ቆሞ ሊነሳ ወዳለ አንድ ሚኒባስ ጎማ ቁጢጥ ብላ ፊቷን አስጠግታለች፤ ሌላው ሚኒባስ በግራ በኩል ሊቀድም እየመጣ ነው። ብሪሂዳ የልጅቷን ፀጉር አገኘች፣ በፀጉሯ ጎተተቻት፣ ሁለቱም የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ወደቁ። ፍሬኑ ሲጮህ የጎማው ሽታ አፍንጫዋ ውስጥ ገባ።

«ልጅሽን እሰሪያት፣ አንቺ ባለጌ!» አለ ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ።

«እናትህን እሰራት!» አለችው። ሌላ የምትለው አልመጣላትም።

ሴሊና ጉልበቷ ተልጧል። ክንዷን ነከሰቻት፤ ትንከስ። ብሪሂዳ በሁለት እግሮቿ መሀል ጠምዳ ይዛ፣ እየወዘወዘቻት፣ ጠርዙ ላይ ተቀመጠች። ሰው ይመጣል ብላ አሰበች። ጠላት እንኳን ቢሆን፣ ልጅ አስፋልት ውስጥ ሲገባ አይቶ «ምን ሆነች?» ብሎ ጥጉን ዞሮ የሚያይ አንድ ሰው አይጠፋም። ሴሊና መጮኋን ትታ ማንጎራጎር ጀመረች፣ ሚኒባሶች አለፉ፣ ሌሎች ሚኒባሶች አለፉ። ማንም አልመጣም። ፊዴንሲዮ እንኳን አልመጣም። ያን ጊዜ ብሪሂዳ አለቀሰች፤ ስታለቅስም የምትሳደብ ሴት ናት፣ ሁሉንም በየስማቸው እየጠራች ረገመቻቸው።

ከዚያ የልጇን እጅ አጥብቃ ይዛ ተመለሰች። ደጁ ጋ ነጭ ስብርባሪና የሐሩ ቀሚስ ቁራጭ ወድቋል። በሩን ገፋችው።

አልተነቃነቀም።

እንደገና ገፋችው። ተዘግቷል! ሁለቱ ብረቶች ጥርስ በጥርስ ገጥመዋል፣ ክፍተት የለ፣ ጣት አያስገባም። መጀመሪያ የተሰማት፣ እንግዲህ ይግረማችሁ፣ ደስታ ነው። ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ረገብ አለ፤ «ተዘጋ» አለች ለራሷ፣ «ሴሊና፣ አየሽ፣ ተዘጋ።» ትንሽ ቆይቶ ነው የገባት። የተዘጋው በእነሱ ላይ ነው። በብረቱ ፍርግርግ አጮልቃ ስታይ የኤሊሴዮን የሞተር ሳይክል ሰንሰለት አየችው፤ ከእነ ጓጉንቸሩ ተጠምጥሟል።

የሰመጠው ግድግዳ የት ሄደ? ስንት ዓመት እግራቸው ሥር ወድቃ ስትለምናቸው የማይገጥመው በር፣ ሊያስወጧት ሲፈልጉ ርችቱ ሳይበርድ ገጠመ። በቡጢዋ ደበደበችው።

«ክፈቱ!»

«ዕቃሽን እናወጣልሻለን!» አለች ዶኛ ኦርቴንሲያ ከውስጥ፤ ድምጿ በልቅሶ ሻክሯል። «ከእንግዲህ እዚህ አትገቢም! ነፍሰ ገዳይ! ልጄን ድንጋይ ላይ ጣልሽው!»

ብሪሂዳ በሕይወቷ ሙሉ ያችን ሴት «እርስዎ» ብላ ነው የኖረችው። አሁን ዶኛም የለ፣ እርስዎም የለ።

«አንቺ ኦርቴንሲያ! ስሚኝ! ያንቺ ልጅ ጂፕሰም ነው! የኔዋ ደም አላት፣ ይኸው ጉልበቷ ላይ እየፈሰሰ ነው! ከናንተ መሀል ሞተች ተረፈች ብሎ ጥጉን ዞሮ ያየ አለ? አንድ ሰው? አንድ ውሻ?»

ከውስጥ የፊዴንሲዮ ድምፅ መጣ።

«ጥጉ ጋ ያዘቻት አላልሽኝም?» አለ። የሚናገረው ከቻቬላ ጋር ነው። «ተይዛለች፣ ሁለቱም ደህና ናቸው፣ ይልቅ ስብርባሪውን ልቀም አላልሽኝም?»

«እኔ... መስሎኝ ነዋ» አለች ቻቬላ።

በፍርግርጉ ብሪሂዳ አየችው። ባሏ ግቢው መሀል ተንበርክኳል፤ ሸሚዙን ዘርግቶ ከደጅ የለቀማቸውን የጂፕሰም ጣቶችና ጆሮዎች ይዞበታል። ቀና ብሎ የሴሊናን ጉልበት አየ። ተነሳ፣ ሸሚዙን ለቀቀው፣ የለቀመው ሁሉ እንደገና ሲሚንቶው ላይ ፈሰሰ። ዶኛ ኦርቴንሲያ ጮኸች።

«ቁልፉን» አላት።

«ምን?»

«ቁልፉን አምጪ።»

«ፊዴንሲዮ፣ አንተ እኮ ጨዋ ሰው ነህ...» ብሎ ኤሊሴዮ ትከሻውን ሊይዘው እጁን ዘረጋ።

«አሁን እጅ አወጣህ?» አለው ፊዴንሲዮ። «ቅድም ልጄ ባጠገብህ ስታልፍ የት ነበር ይኼ እጅህ?» የሰው ድምፅ አልነበረም። ያ ይቅርታ የሚያበዛ ሰውዬ የኤሊሴዮን አንገትጌ ይዞ በሩ ላይ አጣበቀው፣ ብረቱ ተንቀጫቀጨ። ዶኛ ኦርቴንሲያ ቁልፉን ከሽርጧ አውጥታ ወረወረችው። ፊዴንሲዮ ቁልፉን አንስቶ ሰንሰለቱን ፈታ።

ብሪሂዳ ገባች። አላመሰገነችውም፤ ለእሱም ቢሆን የምታወራርደው አላት፣ ጊዜ ይደርሳል። የሴሊናን እጅ አስያዘችው። ከዚያ ዞረች። በሩን በትከሻዋ ገፍታ ገጠመችው፤ ያለምንም ችግር ገጠመ። ሰንሰለቱን አንስታ እንደነበረ ጠመጠመችው፣ ጓጉንቸሩን ቆለፈችው፣ ቁልፉን ጡቷ መሀል ከተተችው።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ ኤሊሴዮ አንገቱን እያሻሸ። «ሰንሰለቱ እኮ የኔ ነው።»

«ክሰሰኝ።»

«ሰው ሥራ ይሄዳል! ሰው ገበያ ይወጣል!»

«የሚወጣ ፎቅ መጥቶ ያንኳኳ። አስወጥቼው እዘጋለሁ፣ ሲመለስ አስገብቼው እዘጋለሁ።»

ዶኛ ኦርቴንሲያ ስብርባሪው መሀል ተቀምጣለች፤ ሻሿ ወርዷል፣ ጭኗ ላይ የሕፃኑን ግማሽ ፊት ይዛለች። አሁን የምታለቅሰው ለሕፃኑ ይሁን ለሌላ አይታወቅም። «እንዴት?» አለች። «በገዛ ግቢያችን እስረኛ ልንሆን ነው?»

ብሪሂዳ ደረጃው ጫፍ ላይ ቆማ አየቻት። ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ ጩኸቱ ሁሉ አልቆባታል።

«አዎ» አለቻት። «እኔ ሴሊና መራመድ ከጀመረች ወዲህ ታስሬበታለሁ። ትለምጂዋለሽ። ጠያቂ ብቻ አትጠብቂ፤ ማንም አይመጣም።»

ልጇን ከባሏ እጅ ተቀብላ ደረጃውን ወጣች።